የቀይረዋኑ ሐኪምና የበረሃዪቱ ጉንዳን

በሰሜን አፍሪቃ፥ ከቱኒስ ወደ ደቡብ፥ ከባሕሩ ዳር ፈቀቅ ብሎ በተዘረጋው ደረቅ ሜዳ ላይ፥ የዓረቦች የጦር አለቃ ዑቅባ ኢብን ናፊዕ በ670 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) የቈረቈራት ቀይረዋን የምትባል ከተማ አለች። በታላቁ መስጊዷና በሊቃውንቷ ስሟ ገንኖ፥ ለብዙ ዘመን የሕግና የሃይማኖት ትምህርት ምንጭ ሆና የኖረችው ይህች ከተማ፥ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ላይ ማንም ላላሰበው ለሌላ ትምህርት ደግሞ መነሻ ሆነች፤ ይኸውም ታናሺቱ ጉንዳን ምልክት በሌለው ምድረ በዳ ከቤቷ ርቃ ከሄደች በኋላ ሳትሳሳት እንዴት ተመልሳ እንደምትገባ የሚመረምረው ትምህርት ነው።

ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ትጋትን ይማር ዘንድ ወደ ጉንዳን እንደ ላከው ሁላችን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ስለ ትጋቷ የተነገረውን ያህል ግን ስለ ጎዳና ዐዋቂነቷ አልተነገረም፤ እኔን ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ ሁለተኛው ነው። የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ካታግሊፊስ ብለው የሰየሟት፥ እግሯ ረጅም፥ ሩጫዋ ፈጣን የሆነች የበረሃ ጉንዳን፥ ሌላው ፍጡር ሁሉ ከሐሩሩ ሸሽቶ በየጥላውና በየጕድጓዱ በሚሸሸግበት በቀትር ሰዓት ብቻዋን ትወጣለች፤ ቀለቧ ግለቱ የገደላቸው ጥቃቅን ነፍሳት ናቸውና፥ የሚሞቱት በሚበዙበት ሰዓት መውጣት ግድ ይሆንባታል። በሰሐራ የምትኖረው ብርማዪቱ ዘመዷ የሰውነቷ ግለት 53 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ድረስ ትታገሣለች፤ ከዚያ ጥቂት ካለፈ ግን ትሞታለች። እንግዲህ ለዚህች ፍጡር መንገድ መሳት ማለት መሞት ነው። ሌሎች ጉንዳኖች ተሰልፈው ሲሄዱ በምድር ላይ የሚተዉት የሽታ መሥመርም ለእርሷ የለም፤ ምግቧ እዚህም እዚያም ተበትኖ ስለሚገኝ በአንድ ጎዳና ሁለት ጊዜ መመላለስ አይጠቅማትም፥ የምድሩም ግለት ሽታውን ወዲያው ባተነነው ነበር።

በቱኒዚያ ሜዳ ላይ እርምጃዋን እየተከታተሉ የመዘገቡ ሰዎች፥ አንዲት ጉንዳን ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዘች 592 ሜትር ያህል ከተንከራተተች በኋላ፥ የምትፈልገውን ባገኘች ጊዜ የመጣችበትን ጠመዝማዛ ትታ፥ 140 ሜትር ያህል ብቻ ወደ ቤቷ አቅንታ በመሮጥ እንደ ገባች ጽፈዋል። ቤቷ የተባለው ቅርብ ካልሆኑ የማይታይ አንድ ቀዳዳ መሆኑን፥ ሜዳውም እንደ አፋር የጨው ምድር ጠፍጣፋና ባዶ መሆኑን አንባቢ ሲያስበው የነገሩ ክብደት ይታወቀዋል።

ይህን ምሥጢር ለመፍታት የተነሣው የቀይረዋኑ ሐኪም ፌሊክስ ሳንቺ የመጀመሪያው አልነበረም። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት የጄኔቫው ሻርል ቦኔ፥ ጉንዳኖች በሚመላለሱበት መሥመር ላይ በጣቱ ቢያብስ፥ ከታበሰው ስፍራ ሲደርሱ ቆመው ሲያመነቱ አየ፤ ከዚያም ወዲህ የጉንዳን ጎዳና ሁሉ የሽታ ጎዳና ነው የሚል አስተያየት ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖረ። ፈረንሳዊው ዣን አንሪ ፋብር ግን ቀይ ጉንዳኖች የሚመለሱበትን መንገድ በመጥረጊያ ጠርጎ፥ በውኃም አጥቦ፥ እነርሱ ጥቂት ከተወላወሉ በኋላ መንገዳቸውን ሲቀጥሉ ስላየ፥ የሚመራቸው ዓይናቸው ነው ብሎ ደመደመ። የለንደኑ ባለ ባንክና የሕዝብ እንደራሴ ሰር ጆን ለቦክ ደግሞ በ1882 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በሚዞር ጠረጴዛ ላይ ያኖራቸው ጉንዳኖች የሻማው ብርሃን በየት በኩል እንዳለ እንደሚያስተውሉ አስረዳ፤ ከሻማው አልፎ ወደ ሰማይ ግን አልሄደም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ነገሩን ከሩቅ የጨበጠው ቻርልስ ዳርዊን ይመስለኛል። በ1873 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ባወጣት አጭር ጽሑፍ፥ በሰሜን ሳይቤሪያ የሚኖሩ ሰዎች በተቈራረጠው የበረዶ ክምር መካከል እየተጠማዘዙ ሲሄዱ ዋናውን አቅጣጫቸውን እንደማይስቱ ተጓዡ ፎን ራንገል የጻፈውን ጠቅሶ፥ ባሕረኛ የሄደበትን አቅጣጫና ርቀት በየጊዜው እየደመረ ያለበትን ስፍራ እንደሚያውቅ፥ እንስሳትም ሳይታወቃቸው እንዲህ ያለውን ስሌት ያካሂዱ ይሆናል አለ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ባሕረኛው ለስሌቱ ኮምፓስ ያስፈልገዋልና፥ የእንስሳቱ ኮምፓስ ወዴት ነው የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ። በ1904 አንሪ ፒዬሮን የተባለው ፈረንሳዊ ወደ ቤቷ የምትጓዝን ጉንዳን ከመንገዷ አንሥቶ በሌላ ስፍራ ቢያኖራት፥ ምንም እንዳልተደረገ ሆና ያንኑ አቅጣጫ ይዛ ስትቀጥል አይቶ፥ ኮምፓሱ በጅማቶቿ ውስጥ የተቀበረ የእንቅስቃሴ ትዝታ ነው ሲል ተናገረ። በአልጀርስ የሚኖረው ኢንጂኔር ቪክቶር ኮርኔትስም በ1910 የብዙ ጉንዳኖችን ጎዳና በወረቀት ላይ ነድፎ ካሳተመ በኋላ፥ ጉንዳን ከውጭ ምንም ምልክት የማትሻበት፥ አብሯት የተፈጠረ የአቅጣጫ ስሜት አላት ብሎ በጽኑ ተከራከረ።

ፌሊክስ ሳንቺ በ1872 በስዊስ አገር፥ ቮ በተባለው ክፍለ ሀገር፥ ቤክስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና ወጣት ሳለ፥ በ1896፥ የአእምሮ ሐኪምና የጉንዳን ሊቅ የነበረውን ዝነኛውን ኦጉስት ፎሬልን ተከትሎ እስከ ኮሎምቢያ ድረስ ተጕዞ ነበርና፥ የጉንዳን ፍቅር ያደረበት ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል። ሕክምና ተምሮ ከወጣ በኋላ ወደ ቱኒዚያ ተሻግሮ በቀይረዋን ተቀመጠ፤ ዕድሜውንም ከሞላ ጎደል በዚያው ፈጸመ። የዕለት እንጀራው ድውያንን መፈወስ ነበር፤ ከዚያ የተረፈችውን ጊዜ ሁሉ ግን ለጉንዳኖች ሰጣት። ከልዩ ልዩ አገር የሚላኩለትን ጉንዳኖች በአጕሊ መነጽር እየመረመረ ወደ 2000 የሚጠጉ ዓይነቶችንና ንዑሳን ዓይነቶችን ለይቶ ስም ሰጥቷል። የከተማው ዓረቦችም ይህን ልማዱን አይተው ጠቢብ ኤን ነምል፥ የጉንዳን ሐኪም፥ ብለው ይጠሩት ነበር። ዩኒቨርሲቲ በአጠገቡ አልነበረውም፤ ደቀ መዛሙርትም አላፈራም፤ የምርምር ቤቱ ከከተማው በር ውጭ ያለው ሜዳ ነበር።

ለሁሉም ነገር መሠረት የሆነው ፈተናው በ1911 የታተመው ነው። የተጠቀመባቸው ዕቃዎች በማንኛውም ቤት የሚገኙ ናቸው፤ አንድ መጋረጃና አንድ የፊት መስታወት። ምግቧን ይዛ ወደ ቤቷ የምትገሠግሠውን ጉንዳን ከተከተለ በኋላ፥ ፀሐይ ባለችበት በኩል መጋረጃውን አቁሞ ብርሃኗን ከለከለባት፤ ከዚያም በተቃራኒው ወገን መስታወቱን ይዞ የፀሐይን መልክ መልሶ ጣለባት። ጉንዳኒቱ ወዲያው ዞረች፤ የቀደመውን አቅጣጫዋን ትታ ወደ ኋላዋ ሮጠች፤ መጋረጃውና መስታወቱ በተነሡ ጊዜም ደግሞ ዞራ የመጀመሪያውን ጎዳናዋን ያዘች። በጅማት የተቀበረ ትዝታ በመስታወት አይዞርም፤ አብሮ የተፈጠረም የአቅጣጫ ስሜት ከሆነ መጋረጃን ሊያውቅ አይገባውም ነበር። ስለዚህ የፒዬሮንና የኮርኔትስ አስተያየት በአንድ መስታወት ወደቀ፤ ጉንዳን በፀሐይ እንደምትመራ፥ ከፀሐይም ጋር የምታደርገውን ማዕዘን ጠብቃ እንደምትሄድ ታወቀ። ከዚህ አስቀድሞ ማንም ሰው የማናቸውንም እንስሳ የፀሐይ ኮምፓስ በፈተና አላስረዳም ነበር።

አንድ ሰው ይህን የመሰለ ነገር ካገኘ በኋላ ክብሩን ተቀብሎ ሊያርፍ ይችል ነበር፤ ሳንቺ ግን ያላረካውን ነገር በራሱ ውጤት ውስጥ አየ። አንዳንዶቹ ጉንዳኖች ፀሐይ ከተሸፈነችባቸውም በኋላ መንገዳቸውን አይስቱም ነበር። ስለዚህ ከካርቶን የተሠራ ክፍት በርሜል አበጅቶ በጉንዳኒቱ ላይ ደፋባት፤ እርሷም በሄደች ቍጥር በርሜሉን አብሮ እየገፋ፥ በዙሪያዋ ያለው ምድርና ፀሐይ ራሷ ተሰውረውባት፥ ከላይ ጥቂት ሰማይ ብቻ ታያት ዘንድ አደረገ። ያችኑ ጥቂት ሰማይ ይዛ ጉንዳኒቱ ወደ ቤቷ አቀናች። በርሜሉን በሸካራ መስታወት በሸፈነው ጊዜ ግን፥ ብርሃን እንደ ልብ እየገባላት፥ አቅጣጫዋ ጠፋባት። እንግዲህ ሰው ባዶና አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሆኖ በሚያየው ጠፈር ላይ ለጉንዳን የተጻፈላት አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ሳንቺ በ1923 ስለ ጉንዳኖች የከዋክብት አመራር ብሎ ባሳተመው ሰፊ ጽሑፍ፥ ምናልባት የጉንዳን ዓይን ከዋክብትን በቀትር ያይ ይሆን ብሎ እስከ መጠየቅ ደርሷል። ይህ ግምት አልሆነም፤ ሆኖም ፈተናውን አንብቦ ግምቱን የሚንቅ ሰው ቢኖር፥ ያን ጊዜ የተሻለ ግምት የነበረው ማንም እንዳልነበር ያስታውስ።

የሚያሳዝነኝ መልሱ በዓለም ላይ ያልነበረ አለመሆኑ ነው። ብርሃን ሞገድ ነው፤ ከፀሐይ ሲወጣ በየወገኑ ይርገበገባል፤ በአየር ውስጥ ሲበተን ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚርገበገበው ይበዛል፤ የሚርገበገብበትም ወገን ከፀሐይ አቀማመጥ ጋር በሥርዐት የተያያዘ ስለሆነ፥ ይህን ማየት ለሚችል ዓይን መላው ጠፈር ፀሐይ ወዴት እንዳለች የሚናገር ሥዕል ይሆንለታል። ፖላራይዜሽን የሚባለውን ይህን የብርሃን ጠባይ ፈረንሳዊው ኤቲየን ማሉስ በ1808 አግኝቶት ነበር፤ የሰማይም ብርሃን እንዲህ ያለ መሆኑን ፍራንሷ አራጎ በ1809 አይቶ ነበር። የፊዚክስ ሊቃውንት የጉንዳንን ነገር፥ የጉንዳን ሊቃውንት የፊዚክስን ነገር ሳይጠይቁ መቶ ዓመት አለፈ። ሳንቺ በቀይረዋን ብቻውን ሆኖ የቀረችውን አንዲት እርምጃ የሚያሳየው የፊዚክስ ባልንጀራ ሳያገኝ፥ ጽሑፎቹም በስዊስ አገር በፈረንሳይኛ በሚታተሙ መጽሔቶች ውስጥ ተቀብረው ሳሉ፥ በ1940 ዐረፈ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፥ በ1949፥ ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ ንቦች ከሰማያዊው ጠፈር ጥቂት ብቻ እየታያቸው በፖላራይዜሽኑ አቅጣጫቸውን እንደሚያውቁ ገለጸ፤ በ1973ም ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋር የኖቤል ሽልማትን ተቀበለ። ፎን ፍሪሽ ሽልማቱ የሚገባው ታላቅ ሰው ነበር፤ ይሁን እንጂ በሩን ያንኳኳው የቀይረዋኑ ሐኪም እንደ ነበር ያን ጊዜ የሚያስታውሱ ጥቂቶች ነበሩ።

የተቀበረው ዕውቀት እንደ ገና የተነሣው በዚያው በቱኒዚያ ምድር ነው። ሩዲገር ቬነር የተባለው፥ በኋላ በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነው ጀርመናዊ፥ በእስራኤል አገር በራምላ አጠገብ ስለ ንቦች ሊመረምር ሄዶ ሳለ፥ ንቦቹ ያቀረበላቸውን የስኳር ውኃ ትተው ወደ ብርቱካኑ አበባ ቢሄዱበት፥ በእግሩ ሥር ትሮጥ የነበረችውን ካታግሊፊስን አየ፤ ከዚያም ወዲያ የዕድሜውን ምርምር ለእርሷ ሰጠ። በ1969 ከስፋቅስ ወደ ደቡብ፥ በጋቤስ ባሕረ ሰላጤ ዳር ወዳለችው ማሕረስ ወደምትባል ትንሽ ከተማ መጣ፤ ከባለቤቱ ከሲቢል ጋር በየበጋው እየተመላለሰ፥ ደቀ መዛሙርቱንም እያስከተለ፥ ለብዙ ዓመታት በዚያ ሠራ። የሜዳውን መሬት በነጭ ቀለም በየሜትሩ በአራት ማዕዘን ከፋፍለው፥ ጉንዳኒቱ የሄደችበትን ሁሉ በወረቀት ላይ ይነድፉ ነበር። የሳንቺን የካርቶን በርሜል ሐሳብ ወስደውም በመንኰራኵር የምትገፋ፥ ነፋስንና የምድርን ምልክት የምትከልል፥ ሰማዩን በልዩ ልዩ ማጣሪያ የምታሳይ ተሽከርካሪ አበጁ። በዚህም የጉንዳኒቱ ዓይን ላይኛው ጠርዝ ብቻ፥ ያውም በአልትራቫዮሌት ብርሃን፥ የሰማዩን ሥዕል እንደሚያነብ ተገነዘቡ፤ ይህ ጠርዝ በቀለም በተሸፈነ ጊዜ ያች ኮምፓስ ትጠፋለች። በ1990ዎቹ የዙሪክ ሰዎች ይህንኑ ጥበብ አስመስለው ሳሃቦት የተባለ ሮቦት ሠርተው በዚያው በበረሃው ላይ ሞክረውታል።

አቅጣጫ ብቻውን ግን ቤት አያስገባም፤ የሄዱበትን ርቀት ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የገለጠው በ2006 ማቲያስ ቪትሊንገር፥ ቬነርና ሃራልድ ቮልፍ በአንድነት ያሳተሙት ሥራ ነው። ጉንዳኖቹ ከጕድጓዳቸው 10 ሜትር ርቆ ወደ ተቀመጠው ምግብ በቀጥተኛ ቦይ ውስጥ ከሄዱ በኋላ፥ የአንዳንዶቹን እግር በዐሣማ ጠጕር ቀጥለው አስረዘሙት፤ የሌሎቹን ጫፉን ቈርጠው አሳጠሩት። እግራቸው የረዘመው ሲመለሱ ቤታቸውን አልፈው ከ15 ሜትር በላይ ሮጠው መፈለግ ጀመሩ፤ እግራቸው ያጠረው 6 ሜትር ሳይሞሉ ቆመው ይፈልጉ ጀመር። ስንት እርምጃ እንደ ሄዱ በሆነ መንገድ መዝግበዋል፤ እርምጃው ግን ረዝሞ ወይም አጥሮ ነበርና ቍጥሩ ወደ ሌላ ስፍራ አደረሳቸው። በአዲሱ እግራቸው ጥቂት ቀን ከኖሩና ከቤታቸው ራሳቸው ከወጡ በኋላ ግን መመለሻቸውን በትክክል አገኙት። ታናሽም ብትሆን የፍጡር እግር መቈረጡ ኅሊናን እንደሚያውክ አልሸሽግም፤ ግን ከዚህ ይልቅ የጠራ ማስረጃ እንዴት ሊገኝ እንደሚቻል ለማሰብ ሞክሬ አልተሳካልኝም። ደግሞም ጉንዳኖቹ ኮረብታ ወጥተው ሲወርዱ የሚቈጥሩት የዳገቱንና የቍልቍለቱን ርዝመት ሳይሆን ከሥሩ ያለውን የሜዳ ርቀት እንደ ሆነ በ2001 ታውቋል፤ ይህ ለመንገድ መሐንዲስም ቀላል ሒሳብ አይደለም።

ፀሐይ በአንድ ስፍራ ቆማ አትውልምና፥ ጉንዳኒቱ የፀሐይን አካሄድ ከሰዓቱ ጋር እያስማማች ስሌቷን ማረም ይኖርባታል፤ ይህንም ታደርጋለች። ስሌቷ ጥቂት ቢስት ደግሞ ተስፋ አትቈርጥም፤ ቤቴ በዚህ ሊሆን ይገባል ካለችበት ነጥብ ተነሥታ፥ ወደዚያው ነጥብ እየተመለሰች፥ ዙሪያውን በየጊዜው እየሰፋ በሚሄድ ክብ ትፈልገዋለች። በአጠገቧ ቍጥቋጦ ወይም ድንጋይ ካለም መልኩን በዓይኗ ይዛ ታስታውሰዋለች፤ በ1979 ቬነርና ራበር በጕድጓዱ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቁር ምሰሶዎች አቁመው፥ ምሰሶዎቹን በእጥፍ ቢያራርቋቸው ጉንዳኖቹ መካከሉን ሳቱት፤ ምሰሶዎቹን ደግሞ በእጥፍ ባተለቋቸው ጊዜ መካከሉን እንደ ገና አገኙት፤ የሚያስታውሱት ዓይናቸው ያየውን መልክ ነበርና።

ምልክት በሌለበት ስፍራስ? በቱኒዚያ ደቡብ ሾት በሚባሉት ሰፋፊ የጨው ሜዳዎች የሚኖሩት ጉንዳኖች፥ በሜዳው መካከል በሆኑ መጠን ጕድጓዳቸው ላይ ከፍ ያለ ቍልል እንደሚሠሩ፥ ቍልሉም እስከ 40 ሳንቲ ሜትር እንደሚደርስ፥ ሰዎች ቍልሉን አፍርሰው ሲያስወግዱባቸው ጠፍተው የሚቀሩት እንደሚበዙ፥ በአጠገቡ ጥቁር ምሰሶ ሲተከልላቸው ግን መልሶ ለመሥራት እንደማይቸኵሉ በ2023 የወጣው የማሪሊያ ፍሬሬና የባልደረቦቿ ምርመራ አስረድቷል። መንገዳቸውን ለመምራት የራሳቸውን ሐውልት የሚያቆሙ ጉንዳኖች መኖራቸውን ሳንቺ ቢሰማ ምንኛ ደስ ባለው ብዬ አስባለሁ።

ቬነር የቀደመውን ሰው ውለታ አልዘነጋም፤ ስለ ሳንቺ ሕይወትና ሥራ ራሱን የቻለ ጽሑፍ በ1990 አሳትሞ የጉንዳን ሐኪም የሚለውን የዓረቦቹን መጠሪያ በርእሱ ላይ አኑሮለታል። ሐኪሙ የሰበሰባቸው ጉንዳኖች ዛሬ በባዝል ከተማ በሥነ ፍጥረት ቤተ መዘክር ውስጥ ይገኛሉ። የእንስሳት የፀሐይ ኮምፓስ መቼና የት ተገኘ ተብሎ በትምህርት ቤት ሲጠየቅ ግን፥ እስከ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚጠራው የፎን ፍሪሽ ስም ነው፤ በእኔ ፍርድ ትክክለኛው መልስ በ1911፥ በቀይረዋን፥ በፌሊክስ ሳንቺ እጅ የሚል ነው።